ለአንድ ጉርሻ

በአሜሪካ የተሳቢ እንስሳት መሸጫ መደብር ውስጥ፣ ከፌንጣ ሳጥኖቹ አጠገብ፣ ክዳናቸው ወደ ታች ሆኖ የተደረደሩ የፕላስቲክ ኩባያዎች አይጠፉም። አዲስ ሰው ሲያያቸው ባለሱቁ በጥድፊያ ገልብጦ ያስቀመጣቸው ይመስለዋል። ጠጋ ብሎ ላጤነው ግን ነገሩ በስሌት የተሠራ ነው። በኩባያው ወለል ላይ የረጋው ቡናማ ቀለብ ኩባያው ሲገለበጥ ጣሪያ ሆኗል። ከጣሪያው እስከ ክዳኑ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ወንፊት ቆሟል። ሰማያዊ አባጨጓሬዎች ወንፊቱን ይዘው ሽቅብ ወጥተው ቀለቡን ከሥሩ ይግጣሉ። የሚጥሉት በጠጥ ደግሞ ቁልቁል እየወረደ ክዳኑ ላይ ይጠራቀማል።

ኩባያው በወጉ ቢቀመጥ ኖሮ በጠጡ የሚያርፈው ምግቡ ላይ ነበር። እርጥብ ምግብና እርጥብ በጠጥ በሙቀት ከተገናኙ ሻጋታ ለማብቀል ብዙ አይቆዩም፤ ሻጋታ የገባበት ኩባያ ደግሞ ከነትሉ ወደ ቆሻሻ ነው። አርቢው ለዚህ ችግር መጥረጊያም ማሽንም አልፈለገም። ኩባያውን ገለበጠና ጽዳቱን ለመሬት ስበት ተወው። የዚህን ሙያ ሰዎች የማደንቃቸው እንዲህ ባለው ነገር ነው። ጥበባቸው ሲሰምር የሚታይ ነገር የለም፤ ሽታ የለም፣ ሻጋታ የለም፣ የሞተ ትል የለም። ገዢው ያየው ንጹሕ ኩባያ ብቻ ስለሆነ የተደከመበት አይመስለውም።

እንስሳው ማንዱካ ሴክስታ የተባለ ትልቅ የእሳት እራት እጭ ነው። በኋላው ጫፍ ቀይ ቀንድ ስላለው አሜሪካውያን ሆርንዎርም ይሉታል፤ እኛም ቀንዳሙ ትል እንበለው። ቀንዱ ለስላሳ ነው፤ አይወጋም፣ መርዝም የለውም። በጎንና ጎኑ ሰባት ሰባት ሰያፍ ነጭ መስመሮች አሉት። የቅርብ ዘመዱ የሆነው የቲማቲም ትል ግን ቀንዱ ጠቆር ያለ፣ መስመሮቹም እንደ ጦር ጫፍ የታጠፉ ናቸው። በሰሜን ካሮላይና ለሚኖር የትምባሆ ገበሬ ቀንዳሙ ትል ቅጠል የሚጨርስ ጠላት ነው። ያው ፍጥረት ኩባያ ውስጥ ሲገባ ግን ሙቀቱ የሚለካለት፣ መብራቱ የሚቆጠርለት እንክብካቤ ያገኛል። ይህ ሁሉ የሚደረግለት እንዲበላ ነው። የሚበሉትም ከአውስትራሊያ ደረቅ ምድር የመጡት ባለጢም ድራጎኖች፣ የትውልድ አገራቸው የመንና ሳዑዲ ዐረቢያ የሆኑት ባለቆብ እስስቶች፣ እንዲሁም ጌኮዎች ናቸው። በአሜሪካና በአውሮፓ ቤቶች ውስጥ በመስታወት ሳጥን የሚኖሩት እነዚህ እንስሳት ምግባቸውን የሚያውቁት በዓይን ነው። በተለይ እስስት የማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ምላሷን መወርወር አትወድም። ስለዚህ ትሉ በሕይወት፣ በጤናና በልክ መድረስ አለበት።

ታዲያ ከቲማቲም ማሳ ለቅሞ መስጠት አይቀልም? አይሆንም፤ ሙያው የሚወለደውም ከዚህ «አይሆንም» ነው። ትምባሆ ኒኮቲን አለው፤ ቲማቲምም የራሱን መከላከያ መርዝ በቅጠሉ ይይዛል። ቀንዳሙ ትል ከእነዚህ ተክሎች ጋር አብሮ የኖረ ስለሆነ ሌሎች ነፍሳትን የሚገድለውን ኒኮቲን ችሎ ይበላል። እሱ የቻለውን ግን የሚበላው እንሽላሊት አይችለውም። በሆዱ ቅጠል የያዘ የማሳ ትል መርዝ የተጠቀለለበት ጉርሻ ነው። ገበሬው የረጨው ፀረ ተባይ ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል። ስለዚህ አርቢው ቅጠል በላውን ትል ቅጠል ሳያሳይ ማሳደግ ነበረበት።

መንገዱን የጠረጉት ተመራማሪዎች ናቸው። ቀንዳሙ ትል ትልቅ በመሆኑ ለነፍሳት ጥናት የተመቸ ነው፤ ዕጢውን ለማውጣት፣ ነርቩን ለማየት፣ ደሙን ለመቅዳት ያስችላል። ፍሬድ ናይሃውትና ካሮል ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1974 ትሉ ወደ ሙሽሬነት ለመለወጥ አስቀድሞ የተወሰነ ክብደት ላይ መድረስ እንዳለበት ያሳዩት በዚሁ እንስሳ ነው። ጥናቱ እንዲቀጥል ግን ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጥ የትል አቅርቦት ያስፈልግ ነበር፤ ቅጠል ደግሞ በብርድ ወራት አይገኝም። ያማሞቶ እ.ኤ.አ. በ1969፣ ቤልና ዮአኪም ደግሞ በ1976 ትሉን በብዛት የማርባት ዘዴያቸውን በሳይንስ መጽሔት አሳተሙ። ዛሬ ለቤት እንሽላሊት ትል የሚያረባው ሰው ጽሑፎቹን ላያውቃቸው ይችላል፤ ድስቱ ውስጥ የሚያማስለው ግን የእነሱን ልጅ ነው።

ቀለቡ ሲሠራ ማየት ደስ ይላል። መሠረቱ የስንዴ ፍሬ እምብርት ነው፤ ዱቄት ሲፈጭ ብዙ ጊዜ የሚለየው፣ ቡቃያ የሚወጣበት፣ ቅባትና ቫይታሚን ያለው ክፍል። በዚያ ላይ ከወተት የሚወጣ ፕሮቲን፣ ስኳር፣ እርሾ፣ የማዕድን ጨውና ጥቂት የተልባ ዘይት ይገባል። ሻጋታን የሚከላከሉ ቅመሞችም በሚዛን ይጨመራሉ፤ ሲያንሱ ሻጋታው ይቀድማል፣ ሲበዙ ትሉ ይቀጭጫል። ይህን ሁሉ የሚያረጋው ከባሕር አረም የሚገኘው አጋር ነው። የአጋር ጠባይ ለባለሙያ ምቹ ነው። ለመሟሟት የሚፈላ ውኃ ይፈልጋል፤ አንዴ ከሟሟ በኋላ ግን ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እስኪወርድ አይረጋም። ቫይታሚን ሲ ደግሞ ከፍተኛ ሙቀት ያበላሸዋል። እንግዲህ ሙያው በሁለቱ መካከል ያለችውን ጊዜ ማወቅ ነው። ቀለቡ ቫይታሚኑን እንዳያቃጥል በርዶ፣ ነገር ግን ሳይረጋ ገና እየፈሰሰ ሳለ ቫይታሚኑ ገብቶ፣ ተማስሎ፣ ወደ ኩባያው መገልበጥ አለበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በዚህ ሰዓት የቸኮለ ቫይታሚኑን ያጣል፤ የዘገየም የጓጎለ ቀለብ ድስት ውስጥ ይዞ ይቀራል።

በደንብ የተሠራ ቀለብ በቢላ ሲቆረጥ ጠርዙ አይፈረፈርም፣ ውኃም አያቅርም። ውኃ ካቀረረ ገና የተፈለፈለው ትል ይሰምጥበታል፤ ከደረቀ ደግሞ የሕፃኑ ትል መንጋጋ አይደፍረውም። ከዚያም ትኩሱ ኩባያ ላብ እስኪጨርስ ድረስ ሳይከደን ይቆያል። ክዳን ላይ የሚንጠባጠብ እንፋሎት ከትል ጠላቶች አንዱ ነውና።

የትሉ ቀለም ራሱ የዚህ ቀለብ ፊርማ ነው። የማሳው ትል አረንጓዴ ነው። አረንጓዴነቱ ከሁለት ነገር የተሠራ ነው፦ ትሉ ራሱ ከሚሠራው ሰማያዊ ፕሮቲን፣ እና ከቅጠል ከሚያገኘው ቢጫ ቀለም። በቀለብ ያደገው ትል ቢጫውን በበቂ ስለማያገኝ ሰማያዊው ብቻውን ይወጣል። መደብር ውስጥ የሚታየው ያ ደማቅ የባሕር ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ወይም የተዳቀለ ነገር አይደለም፤ ቅጠል ያልቀመሰ መሆኑን ገላው ራሱ ሲመሰክር ነው። ገዢ በዓይኑ ብቻ ሊያረጋግጠው የሚችል እንዲህ ያለ የጥራት ምልክት ጥቂት ነው።

የሐር ትል ያረባ ሰው ይህን ሥራ ቢያይ የሚያውቀውም የሚደንቀውም ነገር ያገኛል። በአገራችን በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ጥናት የሚደረግበት የጉሎ ሐር ትል በየቀኑ ትኩስ የጉሎ ቅጠል ይቀርብለታል፤ የአርቢው ቀን በቅጠል ቆረጣና በጠረጋ ያልፋል። የቀንዳሙ ትል አርቢ ግን ድካሙን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ድስት ውስጥ ጨርሶ፣ ከዚያ በኋላ እጁን ሰብስቦ መጠበቅ ነው ሥራው። እጅ መሰብሰብም ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ዕንቁላሉ አረንጓዴ፣ ክብ፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ነው። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ይሄኛው በ27 ዲግሪ ሙቀት አራት ቀን ያህል ነው የሚፈጅበት። የተፈለፈለው ትል ክብደቱ አንድ ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ ከሩቅ የሚታየው ጥቁር ቀንዱ ብቻ ነው፤ ቀንዱ የሚቀላው ሲያድግ ነው። ከሦስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይህ ፍጥረት 10 ግራም እና ከዚያም በላይ ይሆናል። 10,000 እጥፍ አደገ ማለት ነው። በአምስት የዕድሜ እርከኖች ያልፋል፤ የክብደቱን አብዛኛውን ክፍል የሚጨምረው ግን በመጨረሻው እርከን፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። ለትንሽ ጌኮ የሚበቃ የነበረ ትል ከጥቂት ቀናት በኋላ ለድራጎን እንኳ የሚከብድ ሊሆን ይችላል።

የሙያው ትልቁ ፈተና እዚህ ላይ ነው። ትሉን ማሳደግ ብዙም አያስቸግርም፤ ምግብና ሙቀት ካገኘ ማንም አያቆመውም። የሚያስቸግረው በሚፈለገው ቀን በሚፈለገው መጠን ማድረስ ነው። የተለመደው ሕግ ጉርሻው በእንሽላሊቷ ሁለት ዓይኖች መካከል ካለው ስፋት እንዳይበልጥ ነው። ይህን ልክ ለመጠበቅ አርቢው በእጁ ያለው መሣሪያ ሙቀት ብቻ ነው። በ27 ዲግሪ ትሉ ይሮጣል። ወደ 13 ዲግሪ ሲወርድ ሳይሞት ይዘገያል፤ ይበላል ግን በዝግታ፣ ያድጋል ግን በጥቂቱ። የተለመደው የምግብ ማቀዝቀዣ ከዚህ በጣም ይቀዘቅዛል፤ ትሉን ይጎዳዋል። ልባም አርቢዎች ለወይን ጠጅ የተሠራችውን ትንሽ ማቀዝቀዣ ለዚህ ሥራ ያዋሏት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ወይን የሚወደው ቅዝቃዜ ትሉን ለማቆየትም ልክ ሆኖ ተገኘ። ባለሙያው ኩባያዎቹን ከሙቁ መደርደሪያ ወደ ቀዝቃዛው፣ ከቀዝቃዛው ወደ ሙቁ እያዛወረ ዕድገታቸውን ይመራል። ለዓርብ የታዘዘው ዓርብ፣ ለሰኞ የታዘዘው ሰኞ በልኩ ይደርሳል። በአንድ ኩባያ ውስጥ ያሉት ትሎች ሁሉ እኩል ሆነው ሲታዩ ዕድል አይደለም፤ ዕንቁላሎቹ በአንድ ቀን የተሰበሰቡ፣ ቀለቡ እኩል የተከፋፈለ፣ ሙቀቱም ያልተዋዠቀ መሆኑን ይናገራል።

ከሙቀቱ ቀጥሎ የሚመጣው ንባብ ነው፤ ገላ ማንበብ። ትሉ ቆዳ ሊቀይር ሲል መብላት ያቆማል፣ ከእግሩ ሥር ቀጭን የሐር ምንጣፍ ይፈትላል፣ በዚያ ላይ እግሩን ተክሎ ለአንድ ቀን ያህል ዝም ይላል። አዲሱ ጭንቅላት ከአሮጌው ጀርባ እየተሠራ ስለሆነ አሮጌው ወደ ፊት ተገፍቶ ከአፉ ላይ ትንሽ ቆብ ሆኖ ይታያል። ጀማሪ ይህን ሲያይ ታመመ ብሎ ይነካካዋል፣ ከወንፊቱ ያላቅቀዋል። ከምንጣፉ የተነቀለ ትል ደግሞ አሮጌውን ቆዳ የሚጎትትበት መያዣ ስለሚያጣ በገዛ ቆዳው ታንቆ ሊቀር ይችላል። ባለሙያ ቆቧን ሲያይ ኩባያውን መልሶ ያስቀምጣል። በሌላውም ጊዜ ቢሆን ትልን መጎተት ክልክል ነው። ከሆዱ ሥር ያሉት ሥጋማ እግሮች ጫፋቸው በጥቃቅን መንጠቆዎች የታጠረ ስለሆነ፣ ሲስቡት ይበልጥ ይጨብጣል፤ እግሩ ይቀደዳል እንጂ አይለቅም። የለመደ እጅ ጣቱን ከፊቱ ያስቀምጥና ትሉ ራሱ እንዲራመድበት ይጠብቃል።

ስለ ጉርሻው እውነቱን መናገርም የሙያው ክብር ነው። ቀንዳሙ ትል ከክብደቱ 85 ከመቶ ያህሉ ውኃ ነው፤ ስቡ ጥቂት፣ ፕሮቲኑም መጠነኛ ነው፤ ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ ያንሳል። ስለዚህ ውኃ ለጠማትና ለደከመች እስስት ግሩም ነው፤ ቆዳው ለስላሳ በመሆኑም ሆድ አይከብድም። የዘወትር ቀለብ ግን አይሆንም። ጥሩ ሻጭ ይህን ለገዢው ይነግረዋል፤ የካልሲየም ዱቄት ነስንሶ እንዲሰጥ፣ ከሌሎች ነፍሳትና ለሚበሉትም ከቅጠላ ቅጠል ጋር እንዲያፈራርቅ ይመክረዋል። የሸጠውን ዕቃ ድክመት የሚናገር ነጋዴ የዕቃውን ብርታትም ሲናገር ይታመናል።

ሁሉም ትል ግን ለጉርሻ አይሄድም። ዘር ለመያዝ የተተዉት በመጨረሻው እርከን ጠግበው ሲጨርሱ ምግብ ይጠላሉ፤ ሆዳቸውን አራግፈው መዞር ይጀምራሉ። በዚህ ጊዜ ጀርባቸው መሀል ላይ ጠቆር ያለ መስመር ይወጣል፤ ትክ ብሎ ላየው ይመታል። ልቡ ነው፤ ከጭራ እስከ ራስ የተዘረጋ ረጅም የደም ቧንቧ። በተፈጥሮ ቢሆን አፈር ቆፍሮ ይገባ ነበር። አርቢው ልቅ አፈር ያለበት ሣጥን ያቀርብለታል፤ ቤተ ሙከራዎች ደግሞ በእንጨት ግንድ ላይ ቀዳዳ ቦርቡረው እያንዳንዱን ትል በየክፍሉ ያስገባሉ። ትሉ የሚፈልገው ጨለማና በሁሉም በኩል የሚነካው ግድግዳ ነው፤ የተቦረቦረው እንጨት ሁለቱንም ይሰጠዋል፣ አርቢውም አፈር ሳይቆፍር የትኛው ደረሰ የትኛው ቀረ ብሎ ያያል። ከጥቂት ቀን በኋላ ቆዳው ተገፎ ሙሽሬው ይወጣል፤ መጀመሪያ አረንጓዴና ለስላሳ፣ በሰዓታት ውስጥ ቡናማና ጠንካራ። ከራሱ ሥር ጥምዝ እጀታ ወጥቶለታል፤ ቁርጥ ጀበና። በእጀታው ውስጥ የሚሠራው የወደፊቷ የእሳት እራት የአበባ ማር የምትስብበት ረጅም ቱቦ ነው።

እዚህ ላይ ለማየት የማይመች ሌላ ብልሃት አለ፤ መብራት። ትሉ በሚያድግበት ጊዜ የቀኑ ብርሃን 12 ሰዓት ብቻ ከሆነ የብርድ ወራት የመጡ ስለሚመስለው ሙሽሬው ያንቀላፋል፤ ወራት ሊቆይ ይችላል። 16 ሰዓት ብርሃን ያገኘ ትል ሙሽሬ ግን በሦስት ሳምንት ገደማ ይወጣል። ስለዚህ ዛሬ ሙሽሬው ለምን እንደዘገየ የሚጠይቅ ሰው መልሱን የሚያገኘው ከሳምንታት በፊት በበራውና በጠፋው አምፖል ላይ ነው። ባለሙያው ይህን ስለሚያውቅ መብራቱን ለሰዓት መቁጠሪያ ይሰጣል፤ በእጁ ማብራትና ማጥፋት አያምንም።

የምትወጣው የእሳት እራት ክንፏ ሲዘረጋ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ግራጫ፣ በሆዷ ጎንና ጎን ስድስት ስድስት ቢጫ ነጠብጣብ ያላት። እንደወጣች ክንፏ የተጨማደደ ነው፤ ተንጠልጥላ ደም እስክትሞላበት ድረስ አይዘረጋም። የሣጥኑ ግድግዳ ለስላሳ ፕላስቲክ ከሆነ ትንሸራተታለች፤ የወደቀች ደግሞ ክንፏ ተጣሞ ይደርቃል። ስለዚህ ግድግዳው በመረብ ይለበሳል። ስፌቱም ይጠበቃል፤ ያመለጠች እራት አገሯ ከሆነ ለጎረቤት ቲማቲም መዓት ናት፤ አገሯ ካልሆነ ጭራሽ መኖር የሌለባት እንግዳ ናት። ምግቧ የስኳር ውኃ ነው። ዕንቁላል ለመጣል ግን ስኳር አይበቃትም፤ የለመደችው ተክል ሽታ ካልመጣላት ታመነታለች። በዱር የምትመርጠው ትምባሆን፣ ቲማቲምንና እኛ አስተናግር የምንለውን የሚመስለውን የአሜሪካ ተክል ነው። አርቢው በሣጥኑ ውስጥ አንድ የቲማቲም ችግኝ ያቆምላታል። ለልጆቿ የተከለከለውን ቅጠል ለእሷ ማሳየት ግድ ነው፤ እሷ አትበላውም፣ ዕንቁላሏን ብቻ ትለጥፍበታለች። ጠዋት ዕንቁላሎቹ አንድ በአንድ ከቅጠሉ ሥር ይለቀማሉ፤ በሽታ እንዳያስተላልፉ በቀጠነ በረኪና ይታጠባሉ፣ ይለቀለቃሉ፣ ይደርቃሉ። ሳይፈለፈሉ ከቅጠሉ መለየታቸው ግድ ነው፤ አንድ ቀን ቅጠል የበላ ትል ወደ ቀለብ መመለስ ያስቸግረዋል።

ከዕንቁላል እስከ ዕንቁላል ሰባት ሳምንት ያህል ይፈጃል። በዚህ ዑደት ውስጥ ስለ አርቢው ጠባይ ብዙ የምትናገር አንዲት ውሳኔ አለች፤ የትኛውን ትል ለዘር ማስቀረት እንዳለበት መምረጥ። ደንበኛው የሚፈልገው ወፍራሙን፣ ደማቁንና ንቁውን ነው፤ ገንዘቡም እዚያ ላይ ነው። የሚቸኩል አርቢ እነዚያን ሸጦ ቀሪዎቹን ያስቀራል፤ ከጥቂት ትውልድ በኋላ ዕንቁላሉ መፈልፈል ያቅተዋል፣ ኩባያው ውስጥ ታላቅና ታናሽ ይበዛል፣ ምክንያቱንም በቀለቡ ሲፈልግ ይከርማል። ጥሩ አርቢ ከእያንዳንዱ ዙር መጀመሪያ የደረሱትን፣ ቆዳቸውን ያለ ችግር የቀየሩትን ይለያል፤ ወንዱን ከሴቷ ገና በሙሽሬነታቸው በሆዳቸው ጫፍ ባለው ምልክት ይለያቸዋል፤ ወንድምና እህት እንዳይጋቡ ከተለያዩ እናቶች ያቀላቅላል። ዘሩም ሲዳከም ከሌላ አርቢ ዕንቁላል ያስመጣል። ለእነዚህ ትሎች የተከፈለው ቀለብ፣ ሙቀትና መብራት ዛሬ አንድም ብር አያስገኝም። እንሽላሊቷ በአንድ ጉርሻ የምትጨርሰው ትል ጥሩ የሆነው ግን ከሰባት ሳምንት በፊት ከእሱ የተሻለው ስላልተሸጠ ነው።